ቃለ ጉባኤ ላይ «ጮኹ» ብዬ ጽፌ ተቀየሙኝ፤ በምን ልተካው?

የዕድር ጸሐፊ (ሐዋሳ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። የሰፈራችን ዕድር ጸሐፊ ሆኜ ከተመረጥኩ ገና አራተኛ ወሬ ነው። ባለፈው እሁድ ስብሰባ ነበረን። አጀንዳው አንድ ነው፦ ሰው ሲሞት በሌሊት እየዞረ የሚለፍፈው ጡሩምባ ነፊያችን ይቅር ወይስ ይቀጥል? ወጣቶቹ «ቴሌግራም እያለ ለምን ይከፈለዋል?» አሉ። አንዲት እናት ተነሡና «ስልክ የሌለንስ? ቀብር ካለፈ በኋላ ልንሰማ ነው?» አሉ። ከዚያ በኋላ መደማመጥ የለም።

እኔ እጄ እስኪዝል እጽፋለሁ። ማታ ሳነበው በሁለት ገጽ ውስጥ «ጮኸ» ዘጠኝ ጊዜ አለ። እኚያ እናት ጮኹ። ሁለት አባላት ጮኹ። ውጭ የሚጫወቱት ልጆች ጮኹ። የገንዘብ ያዡ ስልክ እንኳ ጮኸ። (እሱን ለምን እንደጻፍኩት አትጠይቁኝ።)

ረቂቁን እናትየው አዩት። «እኔ አልጮኽኩም! ያልኩት ነገር አለ፤ እሱ የት ሄደ?» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ቡና አልተጠራሁም። አጥራችን አንድ ነው። ሲቆላ ሽታው ይመጣል፤ ጥሪው የለም።

ለመጪው እሁድ አስተካክዬ ማንበብ አለብኝ። «ጮኸ»ን የሚተኩት ምን ምን ናቸው? ልዩነታቸውስ?

የፒያሳ ባጃጅ፦
«ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ተናገሩ» በልና ተገላገል።

ጡረተኛ መምህር፦
ባጃጅ፣ በዚህ አይገላገልም። ያው ጮኹ ማለት ነው፤ ክራቫት አሰርክለት እንጂ።

ልጄ፣ «ጮኸ» የሚነግረን ድምፁ ትልቅ መሆኑን ብቻ ነው። ለምን፣ ለማን፣ አይነግርም። ለዚህ ነው ለሁሉ የሚሆነው። ውሻ ይጮኻል፤ ጥይት ይጮኻል። ቁርስ ካልበላህ ሆድህ ይጮኻል። እኔ ጆሮዬ ይጮኻል፣ ዕድሜ ነው። ልብስ ሻጯ «ይሄ ቀለም ይጮኻል» ስትልም ሰምተሃል።

አሁን አንዲት ፊደል ልብ በል። «ጮኸብን» ካልክ ተቆጣን፣ ተናገረን ማለት ነው። «ጮኸልን» ካልክ ስለ እኛ ተሟገተ። በ«ብ» እና በ«ል» መካከል ከዚህ እስከ ሻሸመኔ ይርቃል። እኚያ እናት ስልክ ለሌላቸው ጎረቤቶች ጮኹላቸው እንጂ በማንም ላይ አልጮኹም። አንተ ሁለቱንም ትተህ ባዶውን «ጮኹ» አልካቸው። ባዶውን ሲያገኘው ሰው ወደ ክፉው ነው የሚወስደው።

ለሳቸው «ቅሬታቸውን አሰሙ» ወይም «አጥብቀው ተቃወሙ» ይስማማል። «አቤት አሉ» ማለትም ይቻላል፤ ግን አቤቱታ ዳኛ ፊት የመቆም ሽታ አለው፣ ትንሽ ይከብዳል። ከሁሉ በላይ ያሉትን ጻፈው። ሴትዮዋ ያዘኑት በቃሉ ብቻ አይመስለኝም። ሐሳባቸው የቁራ ጩኸት ሆኖ ስለቀረ ነው።

ሁለቱ አባላት እርስ በርስ ከሆነ «ተጯጯኹ» እውነት ነው፤ ለወረቀት ግን «የጋለ ክርክር አደረጉ» ይበቃል። «አንባረቀ» እና «ደነፋ» የሚባሉትን አትንካ። አንባረቀ ቁጣ ነው። ደነፋ ቁጣው ላይ ዛቻና ጉራ የታከለበት ነው። «ደነፉ» ብለህ ብትጽፍ ቡናው ብቻ ሳይሆን ዕድሩም ይቀርብሃል።

የዕድር ጸሐፊ፦
መምህር፣ እግዜር ይስጥልኝ። አንድ ነገር ረስቼ ነበር። ከሁለቱ አንዱ፣ መጀመሪያ የጀመረው ራሱ፣ ትናንት ደውሎ «እሱ ጮኸብኝ ብለህ ጻፍልኝ» አለኝ።

የፒያሳ ባጃጅ፦
😂 «ጩኸቴን ቀሙኝ» የሚባለው እኮ ይሄ ነው። እኔን መንገድ ዘግቶ የገጨኝ ሰውዬም ከመኪናው የወረደው እየጮኸ ነበር። ትራፊክ እስኪመጣ ጥፋተኛው እኔ መስዬ ቆምኩ።

ሚጥሚጣ፦
መምህር፣ የኛን የሴቶቹን ረሱት። ኡኡ፣ እሪ፣ ዋይ፣ እዬዬ። አንድ አይደሉም!

አምና ግቢያችን ሌባ ገባ። የጎረቤቴ ልጅ «ኡኡ! የሰው ያለህ!» ስትል ሰው ሁሉ በነጠላ ጫማ ወጣ። አንዱ መጥረጊያ ይዟል፤ አንዱ የጥርስ ብሩሽ አፉ ውስጥ ነው። «ዋይ! ዋይ!» ብትል ኖሮ ያው ሰው ነጠላውን አዘቅዝቆ ነበር የሚመጣው። ኡኡታና እሪታ ድረሱልኝ ነው፣ ገና የሚድን ነገር አለ። ዋይታ ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው። እዬዬ ቁጭ ብሎ ማልቀስ ነው። «እዬዬም ሲደላ ነው» የሚባለውም ለዚህ ይመስለኛል፤ ለማልቀስም ጊዜ ያስፈልጋል።

አሁን አሁን ኡኡን የምንጠቀምበት ለገበያ ሆኗል። «የሽንኩርቱ ዋጋ ኡኡ ያሰኛል።» እሪ ብሎ ሰሚ ማጣትም አለ። አዲስ አበባ ፒያሳ አካባቢ «እሪ በከንቱ» የሚባል ሰፈር አለ አይደል? ስሙን በሰማሁ ቁጥር ያሳዝነኛል።

ደግሞ እልልታም ትልቅ ድምፅ ነው። ሠርግ ላይ ግን «እናቷ ጮኹ» ብትል ሙሽራዋ ምን ሆነች ብለው ነው የሚሮጡት።

አሞራ ገደል፦
እኔ የማውቀው የእንስሳቱን ነው። አንበሳ ያገሳል፣ አህያ ያናፋል፣ በሬ ያጓራል፣ ዶሮ እንቁላል ጥላ ታሽካካለች፣ ውሻ ሌሊት ያላዝናል። አውራ ዶሮ ግን ይጮኻል ነው የሚባለው።

እዚህ ዓሣ ተራ የዓሣ ሆድ ዕቃ ሲጠብቅ የሚውለው አባ ኮዳ ዝምተኛ ነው። ምንቃሩን ያንቋቋል እንጂ ብዙም አይጮኽም። የሚጮኸው ሻጩ ነው።

ልጆቹን «ተንጫጩ» በላቸው። ወይም «የልጆች ጫጫታ ነበር»። ለትልልቅ ሰዎች ሲሆን ሁካታ ይባላል።

ድጓ ተማሪ፦
ወንድሜ፣ ስታስተካክለው ፊደሉንም ጠብቅ። «ጮሀ» አትበል፣ «ጮኸ» ነው። ሀ፣ ሐ፣ ኀ በአማርኛ ሲነበቡ «ሃ» ይሆናሉ። የግዕዝ ቤቱን፣ ማለትም የመጀመሪያውን ረድፍ ድምፅ (እንደ በ፣ ለ) እንደያዘ የቀረው ኸ ነው። ስለዚህ ጮኸ፣ ጩኸት፤ ልክ እንደ መናኸሪያ።

በግእዝ ቋንቋ ጮኸ «ጸርኀ» ነው፣ በብዙኃኑ ኀ። በሐመሩ ሐ ከሆነ ጽርሕ፣ አዳራሽ ይሆናል፤ «ጽርሐ አርያም» የምንለው። አንዲት ሐ ጩኸቱን ቤት ታደርገዋለች። ጮክ ብሎ የሚያውጅ ሰው ደግሞ «ዓዋዲ» ነው። የቤተ ክርስቲያናችን የሰበካ መተዳደሪያ «ቃለ ዓዋዲ» የተባለው ከዚህ ነው። የእናንተ ጡሩምባ ነፊም በዚህ ስሌት ዓዋዲ ነው፤ ደመወዙ ቢጨመርለት አይከፋም።

ሚጥሚጣ፦
«ለፋፊ» ስንለው ግን ዝቅ እናደርገዋለን። «አትለፍልፍ» ከሚለው ጋር ስለሚቀራረብ ነው መሰለኝ።

የዕድር ጸሐፊ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እንዲህ አደረግኩት፦

«አንዲት አባል፣ ስልክ የሌላቸው አባላት መርዶ ሳይሰሙ ቀብር እንደሚያልፍባቸው ገልጸው፣ የጡሩምባው መቅረት ላይ አጥብቀው ተቃወሙ። ሁለት አባላት በጉዳዩ ላይ የጋለ ክርክር አደረጉ። ከውጭ በልጆች ጫጫታ ምክንያት ስብሰባው ለአጭር ጊዜ ተቋርጧል።»

ስልኩን አወጣሁት። ማን ጮኸበት የሚለውንም አልጻፍኩም።

የፒያሳ ባጃጅ፦
ጡሩምባውስ?

የዕድር ጸሐፊ፦
እሁድ ድምፅ ይሰጥበታል። ረቂቁን ግን ትናንት ለእናትየው ይዤ ሄድኩ። መነጽራቸውን አድርገው ሁለት ጊዜ አነበቡት። «አጥብቀው» የምትለው ላይ ጣታቸውን አሳርፈው ቆዩ። ዛሬ ጠዋት ቡና ተጠራሁ። አቦሉ አምልጦኛል፤ ቶና ላይ ነው የጠሩኝ።