ርካሽ የኦርኬስትራ ቅጂ ለጀማሪ ይሆናል?

ጥያቄ (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

ጤና ይስጥልኝ። ክላሲካል ሙዚቃ መስማት የጀመርኩት በዚህ ዓመት ነው። መጀመሪያ የገዛሁት ‹‹ምርጥ ምርጡ›› የሚል የሲዲ ስብስብ እያንዳንዱን ሲምፎኒ (በኦርኬስትራ የሚቀርብ ረጅም ድርሰት) ሦስትና አራት ደቂቃ ላይ እየቆረጠ ስላቀረበው፣ ዜማው ልቤን መያዝ ሲጀምር ወደ ሌላ ደራሲ ይዘላል። አሁን ሙሉ ድርሰቶችን መግዛት እፈልጋለሁ፤ ይሁን እንጂ የአንዱ ሲምፎኒ ቅጂ እጅግ ብዙ፣ ዋጋውም የተራራቀ በመሆኑ ግራ ተጋብቻለሁ። ርካሹን ብመርጥ የሚቀርብኝ ነገር ይኖራል?

መልስ 1

ዋጋው ለምን እንደወረደ ቢያውቁ ስጋትዎ ይቀንሳል። ክላውስ ሃይማን የተባለው ጀርመናዊ በ1987 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ሆንግ ኮንግ ውስጥ ናክሶስ የተባለውን የርካሽ ቅጂዎች አሳታሚ ሲያቋቁም፣ ስመ ጥር የኦርኬስትራ መሪዎችን በውድ ከመቅጠር ይልቅ እንደ ብራቲስላቫና ቡዳፔስት ባሉ ከተሞች የሚገኙ፣ በሙያቸው የበሰሉ ነገር ግን በውጭ ብዙም የማይታወቁ ኦርኬስትራዎችን አስቀረጸ፤ ለሙዚቀኞቹም ከሽያጩ ድርሻ በመስጠት ፈንታ አንድ ጊዜ ብቻ ከፈለ። ቤላ ድራሆሽ የኒኮላውስ ኤስተርሃዚ ሲንፎኒያን እየመራ ያስቀረጻቸው የቤትሆቨን ሲምፎኒዎች ከዚሁ የተገኙ ናቸው፤ እኔ ዘጠኙንም የለመድኩት በእነዚህ ነው።

መልስ 2

ከላይ የተባለውን አልቃወምም፤ ነገር ግን በዚያው ገንዘብ ታላላቆቹንም ማግኘት ይቻላል። ትልልቅ አሳታሚዎች ከ1950ዎቹ እስከ 1970ዎቹ ያስቀረጿቸውን ሥራዎች በዝቅተኛ ዋጋ ደጋግመው ያወጣሉ፤ ያገለገለ ሲዲ ከሚሸጥበት ደግሞ ከዚያም በታች ይገኛሉ። የኦርኬስትራ መሪው ፍሪትዝ ራይነር ከቺካጎ ሲምፎኒ ኦርኬስትራ ጋር በ1960 ያስቀረጸው የሪምስኪ ኮርሳኮቭ ሼሄራዛድ፣ ሌላው መሪ ካርሎስ ክላይበር ከቪየና ፊልሃርሞኒክ ኦርኬስትራ ጋር በ1974 ያስቀረጸው የቤትሆቨን 5ኛ ሲምፎኒ ዛሬም ድምፃቸው ያረጀ አይመስልም።

አንድ ብቻ ይምረጡ ቢሉኝ ግን ኢስትቫን ኬርቴስ ከቪየና ፊልሃርሞኒክ ጋር በ1961 ያስቀረጸውን የድቮርዣክ 9ኛ ሲምፎኒ እሰጥዎታለሁ። በሁለተኛው ክፍል መግቢያ ላይ ነሐሶቹ (እንደ ትራምፔት ያሉት የትንፋሽ መሣሪያዎች) በዝግታ ካሰሙ በኋላ እንግሊሽ ሆርን የተባለው ከእንጨት የተሠራ የትንፋሽ መሣሪያ ብቻውን የሚያወጣው ዜማ በአምስት ድምፆች ላይ የተመሠረተ ነው፤ አምስቱም በትዝታ ሜጀር ቅኝት ከምናውቃቸው ጋር ይገጥማሉ። ደራሲው ከእኛ ወሰደ ማለቴ አይደለም (እንዲህ ብሎ የተከራከረኝ ሰው አለ)፤ ጆሮዎ ግን እንግዳ አይሆንበትም።

ጠያቂው

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ድቮርዣክን ከቤተ መጻሕፍት ተውሼ መኪና ውስጥ ከፈትኩት፤ ያሉኝ ዜማ ጨርሶ አልሰማ ስላለኝ ድምፁን ከፍ ባደርገው፣ ወዲያው ነሐሶቹ አስደነገጡኝ። ቅጂው ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ 3 (ከአዲስ አበባ)

ቅጂው ደህና ነው። ዘፈን ሲቀረጽ ዝቅና ከፍ የሚለው ድምፅ አብዛኛውን ጊዜ ተቀራራቢ እንዲሆን ይደረጋል፤ ኦርኬስትራ ግን ከሹክሹክታ እስከ ነጎድጓድ ያለው ስፋት እንዳለ ስለሚተው፣ የሞተር ድምፅ ዝቅተኛውን ይውጠዋል። እኔም በሚኒባስ ውስጥ ሞክሬ ትቼዋለሁ። ጸጥ ባለ ክፍል፣ በተራ ማዳመጫም ቢሆን ይሞክሩት። ከመግዛትዎ በፊትም የፍራንክፈርት ሬዲዮ ሲምፎኒ ኦርኬስትራ ሙሉ ኮንሰርቶቹን በዩቲዩብ በነፃ ስለሚያወጣ፣ ድርሰቱን እዚያ መስማት ይችላሉ፤ እኔ ዳታ ስለሚወደድብኝ ዋይፋይ ባለበት ማታ ማታ ነው የማየው። እንግሊሽ ሆርን የቱ እንደሆነም በዓይንዎ ይለዩታል።