የገበያ ብር ቤት ይደር ወይስ ባንክ?

ጠያቂ፦ ሰላም የደሴ ሰዎች። ሰኞ ገበያ እህል የሚገዛ ወንድም አለኝ። ለጠዋቱ ግዢ እያለ ብዙ ብር ቤት ያሳድራል። እኔ ተው እለዋለሁ፤ እሱ «ሌላ ምን ላድርግ?» ይላል። እናንተስ?

እህል ነጋዴ፦ ወንድምህ እውነቱን ነው። ገበሬው ከኩታበር ሌሊት ተነስቶ ጎህ ሲቀድ ይደርሳል። ጤፉን አስመዝኖ፣ ብሩን እጁ ላይ ቆጥሮ ነው የሚሄደው። ባንክ እስኪከፈት ጠብቀኝ ካልኩት ከጎኔ ላለው ይሸጣል። ቢከፈትም «ሲስተም የለም» የሚባልበት ቀን አለ። 2014ንስ ረሳችሁት? ጦርነቱ ደሴ ሲገባ የባንክ ቅርንጫፎች ተዘርፈዋል።

ጡረተኛ ገንዘብ ያዥ፦ ልጄ፣ የቅርንጫፍ መዘረፍና የሂሳብ መጥፋት ለየቅል ናቸው። ሂሳቡ ያለው ማዕከሉ ላይ ነው። ሳጥን ውስጥ የነበረ ብር ግን ከሳጥኑ ጋር ሄደ። በ2013 መስከረም የብር ኖት ሲቀየርስ? ቤቱ ያከማቸ ሰው በ3 ወር ውስጥ ባንክ ወስዶ መቀየር ግድ ሆነበት።

እህል ነጋዴ፦ ባንኩ ራሱ ቢወድቅስ ጋሼ? የተቀማጭ መድኑ የሚሸፍነው እስከ 100,000 ብር ነው።

ጡረተኛ ገንዘብ ያዥ፦ ቤት ያለው ብር መድኑ ዜሮ ነው።

ጨርቅ ነጋዴ፣ ፒያሳ፦ ድሮ ብዙ ሰው ከባንክ የሚርቀው ወለዱ ሐራም ነው ብሎ ነበር። አሁን ወለድ አልባ ሂሳብ አለ፤ ተመስገን። የእኔ ጭንቀት መንገዱ ነው። ሱቄን ዘግቼ ቦርሳ ይዤ ስወጣ ሰፈሩ ሁሉ ወዴት እንደምሄድ ያውቃል።

ጡረተኛ ገንዘብ ያዥ፦ ዋናው እሱ ነው ልጄ። ሌባ ካዝና ከመስበሩ በፊት ሰው ያጠናል። ሁሌ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ መንገድ አትሂጂ። ብቻሽንም አትሁኚ። ስንት እንደያዝሽ በስልክ አይወራ። ቆጠራው በሩ ከተዘጋ በኋላ በሁለት ሰው ይሁን። መቶ መቶ ኖት ይታሰር፤ በባለ 200 ብሩ አንዱ እስር 20,000 ነው። በላዩ ላይ ቀኑና ድምሩ የተጻፈበት ወረቀት ይግባ፤ የቆጠረው ይፈርምበት። በጉድለት ምክንያት ወንድምና ወንድም የሚጣሉት ይህ ወረቀት በሌለበት ቤት ነው። ማደሩ ግድ ከሆነም የማግስቱ መግዣ ብቻ ይደር። ካዝናው ከሲሚንቶ ወለሉ ጋር በብሎን ይታሰር፤ ያለዚያ ለሁለት ተሸክመውት ይሄዳሉ። መሬት መቅበርማ አይታሰብ። የደሴን ክረምት ታውቁታላችሁ፤ በፌስታል የተጠቀለለ ብር ሻግቶ ነው የሚወጣው።

ከኮምቦልቻ፦ በቴሌብር ክፈሉና ተገላገሉ!

እህል ነጋዴ፦ ወጣቶቹ ይቀበሉኛል። አባቶች ግን «ይሄ ቁጥር ነው፤ ብሩን አምጣ» ይላሉ። ልክ ናቸው፤ ቀበሌያቸው ገብተው ማን ይመነዝርላቸዋል? ጋሼ፣ የማግስቱ መግዣ ብቻ ያሉት ይዋጥልኛል። ግን ለእኔ የማግስቱ መግዣ ራሱ ትልቅ ብር ነው።

ጨርቅ ነጋዴ፣ ፒያሳ፦ እንግዲያው ጥያቄው ለባንኮቹም ይቅረብ። በገበያ ቀን ገበያው አጠገብ ያለ ቅርንጫፍ ቢያንስ አንድ መስኮት ጎህ ሲቀድ ይክፈት። ማታም አምሽቶ ይቀበለን።

ጡረተኛ ገንዘብ ያዥ፦ ማለዳ ለመክፈት ጥበቃውም ሠራተኛውም ሌሊት መውጣት አለበት። ቀላል አይደለም። ግን ይቻላል።

እህል ነጋዴ፦ እሱ ከሆነ ቤት አላሳድርም። ማመልከቻውን ማን ይጻፍ? ፊርማውን ከእህል ተራ እኔ አሰባስባለሁ።