ኮሽሜ ያብባል እንጂ አያፈራም፤ ምን ይሻለኛል?

ሰላም ናችሁ? ተክል የምታውቁ እስቲ አንድ በሉኝ። ቤቴ ጎንደር፣ አዘዞ ነው። የግቢዬን ጀርባ ያጠርኩት በኮሽም ነው። ለአጥርነቱ እንከን አይወጣለትም። እሾሁ ረጅምና ሹል ስለሆነ የጎረቤት ፍየል እንኳ ተስፋ ቆርጣለች።

የቸገረኝ ፍሬው ነው። ሽቦ ትቼ ኮሽም የመረጥኩት ወፎች እንዲመጡልኝ ብዬ ነው። (ልጆቹም ጎምዛዛውን ይወዱታል፣ እኔም አልጠላው።) ያብባል፣ አበባው ይረግፋል፣ በቃ። ሰፈርተኛው ሁሉ የየራሱን ይመክረኛል። አንዱ ፍግ ጨምርበት ይላል፣ ሌላው ውሃ ቀንስ። አንዷ እናትማ "ዓይን በልቶት ነው" ብለውኛል።

የኮሽም ወንዴና ሴቴ በየተለያየ ዛፍ ላይ እንደሆነ አውቃለሁ። ወንዴው አያፈራም። ሴቴዋም አቅራቢያዋ ወንዴ ከሌለ ፍሬ አትይዝም። አበባውን ቀጥፌ በደንብ አየሁት። ትንሽ፣ አረንጓዴ ቢጤ ነው። መሃሉ ላይ ጫፋቸው ዱቄት የያዘ ቀጫጭን ዘንጎች ተንጨፍርረዋል። ወደ ፍሬ የሚያድግ እብጠት ግን የለውም። ያየኋቸው ሁሉ እንዲህ ናቸው። እንግዲህ አጥሬ በሙሉ ወንዴ ነው ማለት ነው?

ከሆነስ ምን ላድርግ? ከዘር ካፈላሁ ወንዴ ትሁን ሴቴ የሚታወቀው አድጋ ስታብብ ነው፤ ያን ያህል ትዕግሥት የለኝም። ፍሬ ከምትሰጥ ዛፍ ቅርንጫፍ ቆርጦ ሥር ያስያዘ አለ? የትኛው ይሻላል፣ ለጋው ወይስ ጠንከር ያለው? በየትኛው ወር? ክረምቱ ሳይገባ ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።