የፊልም ጽሑፌ ገጽ 58 ላይ ቆሞብኛል፤ እባካችሁ ምከሩኝ
110 ገጽ ይሆናል ብዬ የጀመርኩት የፊልም ጽሑፍ እኩሌታው ላይ ከቆመ ሁለት ወር አለፈው። አንድ ገጽ በግምት አንድ ደቂቃ ስለሆነ ገና የአንድ ሰዓት ያህል ታሪክ ይቀረኛል።

ባለታሪኳ የሟች አባቷን የእጅ ሰዓት ልታሠራ ወስዳ፣ ሠሪው የኋላ ክዳኑን ሲከፍት የማታውቀው ሴት ስም ተቀርጾበት ታያለች። ፍለጋው በጣም የምወደው ክፍል ነው። ችግሩ ሴትዮዋን ስታገኛት ነው፤ በሩ ተከፈተ፣ ሰዓቱን አሳየቻት፣ ከዚያ ወዲያ የሚገፋት ነገር ጠፋ። ሴትዮዋን ውሸታም ላደርጋት ሞክሬ ነበር፤ አላመንኳትም። የመርሳት በሽታ ደግሞ ቀላል ማምለጫ ስለሚሆን አልፈልገውም።

መልሱ ከተገኘ በኋላ ባለታሪኳ ምን ብትፈልግ ታሪኩ ይቀጥላል? ወይስ የሁለቱን መገናኘት ወደ መጨረሻው ልግፋው?