ማዮቶኒክ ዲስትሮፊ፦ ምንም ሳያመው በየዓመቱ ሆልተር ለምን?

ታላቅ እህት፦
ሰላም ለሁላችሁ። ያለነው ሜሪላንድ ነው። ታናሽ ወንድሜ 34 ዓመቱ ነው፣ ማዮቶኒክ ዲስትሮፊ ዓይነት 1 የሚባል የጡንቻ በሽታ አለብህ ከተባለ ቆየ። ሰው ሲጨብጥ እጁ ቶሎ አይላቀቅለትም፣ የበር እጀታ ይዞም እንዲሁ ይቀራል። ከዚያ ውጪ ይሠራል፣ መኪና ይነዳል፣ የተወው ኳስ ብቻ ነው። ሰሞኑን የነርቭ ሐኪሟ ወደ ልብ ሐኪም ላከችው፣ እሱ ደግሞ ኢሲጂ (የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ) አንስቶ ሆልተር የሚባለውን፣ ደረት ላይ ተለጥፎ ሌት ተቀን የልብ ምት የሚቀዳ ዕቃ ገጠመለትና ከአሁን በኋላ በየዓመቱ ትመጣለህ አለው። ልጁ እኮ ልቡን አሞት አያውቅም! ራሱን ስቶም አያውቅም። ወረቀቱ ላይ ፒአር 218 የሚል አይቻለሁ፣ ዶክተሩ "እንከታተለዋለን" ብሎ አለፈው። ወንድሜ "ያለብኝ የጡንቻ በሽታ ነው፣ ልቤን ተዉልኝ፣ ደግሞ የእጅ ሰዓቴ ኢሲጂ ያነሳል" ይላል። እናታችን ከአዲስ አበባ መጥታ እኛ ጋ ናት፣ ደረቱ ላይ ያን ሁሉ ሽቦ ስታይ ደነገጠችና ነገውኑ ፀበል ካልወሰድኩት ብላ ይዛኛለች። በሚቀጥለው ወር የዓይን ሞራ ግርዶሹን ሊሠራም ቀጠሮ አለው። እስቲ የምታውቁ ንገሩኝ፣ ይሄ ነገር የምር ያስፈልጋል ወይስ ኢንሹራንስ ማስከፈያ ነው?

የሌሊት ፈረቃ፦
እህቴ፣ የልብ ክፍል ነርስ ነኝ። ሐኪም ስላልሆንኩ የመጨረሻውን ቃል ከዶክተሩ ውሰጂ፣ ግን ያስፈልጋል፣ በደንብ ነው የሚያስፈልገው። በዚህ በሽታ ልብ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የሚጎዳው የመምታት አቅሙ ሳይሆን ምቱን ከላይኛው ክፍል ወደ ታችኛው የሚያደርሰው የኤሌክትሪክ መስመር ነው። አምፖሉ ደህና ሆኖ ሽቦው ያረጀበት ቤት በይው። መጀመሪያ መልእክቱ ይዘገያል፣ ከዚያ አንዳንዱ ምት ሳያልፍ ይቀራል፣ ሲብስ ጭራሽ ሊቋረጥ ይችላል። ይሄ ሁሉ ሲሆን ሰውየው ምንም ላይሰማው ይችላል። እጅና እግሩ ብዙም ያልደከመ ሰው መስመሩ በጣም የተጎዳ ሆኖ ይገኛል፣ ስለዚህ "ገና ጠንካራ ነው" ብሎ መተው እዚህ አይሠራም።

ፒአር የሚሉት መልእክቱ ከላይ ተነስቶ ታች እስኪደርስ የሚፈጀው ጊዜ ነው፣ በሚሊሰከንድ። እስከ 200 ደህና ይባላል፣ የሱ ትንሽ ዘግይቷል። በ2008 የወጣ፣ 406 ሕመምተኞችን የተከታተለ የአሜሪካ ጥናት አለ። ፒአራቸው 240ና ከዚያ በላይ፣ ወይም ኪውአርኤሳቸው (መልእክቱ በታችኛው የልብ ክፍል የሚዳረስበት ጊዜ) 120ና ከዚያ በላይ የሆነ፣ ወይም ምታቸው ከተለመደው ቦታ የማይነሳ ሰዎች ድንገት የመሞት አደጋቸው ከሌሎቹ ከፍ ያለ ሆኖ ነው የተገኘው። ወንድምሽ እዚያ አልደረሰም። ግን አምና ስንት ነበር? እኔ ብሆን መጀመሪያ የምጠይቀው እሱን ነው፣ ምክንያቱም ለዓመታት 215 አካባቢ የቆመና ከ180 ተነስቶ 218 የገባ ሰው አንድ አይደሉም። የድሮ ኢሲጂዎቹን ፈልጊና ስልክሽ ላይ ፎቶ አርገሽ ያዢ፣ ሐኪም በተቀየረ ቁጥር ይጠቅምሻል።

ቁጥሩ እየጨመረ ከሄደ በብሽሽት በኩል ቀጭን ሽቦ አስገብተው መስመሩን ከውስጥ ይለኩታል፣ እዚያ ላይ ኤችቪ የሚባለው፣ መልእክቱ የመስመሩን የታችኛውን ክፍል የሚያልፍበት ጊዜ፣ 70ና ከዚያ በላይ ከሆነ የፔስሜከር (ልብን የሚያስመታ፣ ሰውነት ውስጥ የሚተከል ዕቃ) ነገር ይነሳል። የእጅ ሰዓቱን አይጣለው፣ ግን እሱ ጣቱን ሲያስነካ ብቻ 30 ሰከንድ ነው የሚቀዳው፣ በዋናነት የሚፈልገውም አትሪያል ፊብሪሌሽን የሚባለውን የላይኛውን የልብ ክፍል ምት መዛባት ነው። ሌሊት ተኝቶ ልቡ ለጥቂት ሰከንድ ዝም ቢል ሰዓቱ አይነግርሽም፣ ሆልተሩ ግን ይቀዳዋል። እና ደግሞ ራሱን ከሳተ ወይም ሊስት ከደረሰ ቀጠሮ የለም፣ 911 ነው።

የዳላሱ አባት፦
ልጄ ዱሼን የሚባለው ሌላ የጡንቻ በሽታ አለበት፣ 13 ዓመቱ ነው። በኛ በኩል ነገሩ ለየት ይላል፣ ዱሼን ላይ የሚደክመው ራሱ የልብ ጡንቻው ስለሆነ በየዓመቱ ዋናው ምርመራችን የልብ አልትራሳውንድ ወይም ኤምአርአይ ነው፣ የልብ መድኃኒቱንም ምንም ሳይታይበት ገና 10 ዓመት ሳይሞላው ነው ያስጀመሩት። የምት መዛባቱ ብዙ ጊዜ ኋላ ነው የሚመጣው። ይሄን የምለው እዚህ ግሩፕ ላይ ሰው "የጡንቻ በሽታ" እያለ ሁሉንም አንድ ላይ ስለሚያምታታ ነው። የበሽታውን ስም ሳትይዙ የሰው ምክር አትውሰዱ።

ጀበና፦
እኔ ራሴ ይሄው ዓይነት 1 አለብኝ፣ ሆልተር ለምጄዋለሁ። የኔ እህት፣ ፀበሉን ለእናትሽ እንዲህ በያቸው፦ ዕቃው እስኪወልቅ ይጠጣ፣ ከወለቀ በኋላ ይጠመቅ። ባለ ሽቦው ውኃ አይወድም። ደረቱ ላይ ፀጉር ካለ ተለጣፊው ከሚቀመጥበት ቦታ ላይ ይላጭ፣ አለዚያ ሌሊት ሲገላበጥ ይነሳና ግማሹ ቅጂ ዋጋ ቢስ ይሆናል። ቅባትም አይቀባ። ሌላው፣ ማስታወሻ ደብተር ሰጥተውታል አይደል? ደረጃ ሲወጣ፣ ሲያዞረው፣ ልቡ ዘለል ሲልበት ይጻፍበት፣ ቅዳሴ ቆሞ ከደከመውም ይጻፍ። ግን በፈረንጅ ሰዓት! እናትሽ "3 ሰዓት ላይ ደከመው" ብለው ከጻፉ ባለሙያው ጠዋቱን ትቶ ሌሊቱን ሲበረብር ነው የሚውለው።

ለዓይኑም ቢሆን ጠብታ ብቻ ነው የሚያደርጉለት ብላችሁ ዝም እንዳትሉ። ማዮቶኒክ እንዳለበት ለማደንዘዣ ሐኪሙ አስቀድማችሁ ንገሩ፣ እኛ ላይ ማስተኛና ማረጋጊያ መድኃኒት ከሚገባው በላይ ይሠራል፣ ትንፋሽም ያዳክማል። ለእጁ መጨበጥ ሜክሲለቲን ልስጥህ የሚለው ሰው ከመጣም መጀመሪያ የልብ ሐኪሙ ይወቅ፣ እሱ ራሱ የልብ ምት መድኃኒት ነው።

ታላቅ እህት፦
እግዜር ይስጥልኝ፣ አምና 196 ነበር፣ አሁን ፖርታሉ ላይ ገብቼ አየሁት። ለዶክተሩ ዛሬውኑ እጽፍለታለሁ። ወንድሜም የሰዓቱን ነገር ሲያነብ ዝም አለ። አንድ ነገር ግን፣ እናቴም ገና በ40ዎቹ ዕድሜዋ ነው የሁለቱም ዓይኗ ሞራ ተገፎ የተሠራላት፣ ይሄ ነገር ይገናኛል እንዴ?

የሌሊት ፈረቃ፦
ሊገናኝ ይችላል። ከአንድ ወላጅ ብቻ የሚወረስ ነው፣ ለእያንዳንዱ ልጅ የመተላለፍ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። ከወላጅ ወደ ልጅ ሲወርድ ደግሞ ብዙ ጊዜ ቀደም ብሎና በርትቶ ይመጣል፣ ስለዚህ ወላጅ ላይ በዓይን ሞራ ብቻ ታይቶ ሊያልፍ ይችላል። እናትሽ እዚህ ኢንሹራንስ ከሌላቸው አዲስ አበባ ሲመለሱ ኢሲጂ ይነሱ፣ ውድ ምርመራ አይደለም፣ ዋናው የልጃቸውን በሽታ ስም በወረቀት ይዘው ለሐኪሙ ማሳየታቸው ነው።

ታላቅ እህት፦
እኔስ ታዲያ?

የሌሊት ፈረቃ፦
አንቺም። ኢሲጂውን በዚህ ሳምንት ተነሺ፣ ተኝተሽ ደቂቃ አይፈጅም። በሽታውን ወርሰሽ እንደሆነ የሚያሳየውን የደም ምርመራ ግን ዝም ብለሽ ሄደሽ አትስጪ፣ ከጄኔቲክ አማካሪ ጋር ተቀምጠሽ ተነጋገሪበት፣ በተለይ ልጅ የመውለድ ሐሳብ ካለሽ።