የደቻቱ ዳር ቦያችን፦ በአንድ ገጽ ምን እንጠይቅ?

ጸሐፊዋ፦
ሰላም የድሬዳዋ፣ የደቻቱ ወንዝ ዳር ጎረቤቶች። እሑድ በተባባልነው መሠረት ለቀበሌው የምናስገባውን ማመልከቻ ረቂቅ ጀምሬዋለሁ። ከአንድ ገጽ እንዳይበልጥ እፈልጋለሁ። ረጅም ደብዳቤ መዝገብ ቤት ይተኛል። እስካሁን ያሰፈርኩት እንዲህ ይላል፦ «ወደ ደቻቱ የሚወርደው የሰፈራችን ቦይ ይጠረግልን። ቆሻሻ የሚነሳበት ቀን ይታወቅ። ፌስታል ይከልከል። ደንገጎ ተራራ ላይ ዛፍ ይተከል። ለወጣቱ ግንዛቤ ይሰጥ።»

የበዛ መሰለኝ። የቱ ይውጣ? የቱ ይብራራ? እስከ ሐሙስ ጻፉልኝ። አዲሱ በጀት ሐምሌ 1 ይጀምራል። ዕቅዱ የሚዘጋው ከዚያ ቀደም ብሎ ስለሆነ አሁን ካልደረስን ወደ ከርሞ ተላለፍን ማለት ነው።

ሐጂ፣ የእድሩ ዳኛ፦
አላህ ይስጥሽ ልጄ። የዛፉን ነገር ግን እንዳታወጪው። በ1998 ዓ.ም.፣ ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ የሆነውን ከእናንተ ብዙዎቹ ልጆች ስለነበራችሁ አታስታውሱትም። ድሬ ተኝታ ነበር። ውኃው ከተራራው ወርዶ በሌሊት ደረሰ። ከ200 በላይ ሰው አለቀ። እኔ እስከ ንጋት ጎረቤት ስፈልግ ነው ያደርኩት። ደቻቱ በበጋ አሸዋ ብቻ ነው፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ከላይ ሲዘንብ ግን እኛ ጋ ጠብ ሳይል ይሞላል። ተራራው ከተራቆተ የጎርፍ መከላከያው ግንብ ብቻውን አያድነንም።

መምህሩ፦
ሐጂ፣ ያሉት እውነት ነው። ጭንቀቴ ሌላ ነው። ውኃው የሚመጣበት የላይኛው አገር አብዛኛው ምሥራቅ ሐረርጌ ውስጥ ነው፣ ኦሮሚያ ማለት ነው። የቀበሌው ሰው ይህን ሲያይ «ከእኔ ሥልጣን ውጪ ነው» ብሎ ደብዳቤውን በሙሉ ይመልስልናል። ቦዩም አብሮ ይቀራል። ለተራራው ሌላ ደብዳቤ እንጻፍ፣ ለከተማው ምክር ቤት። ሁለቱ አስተዳደሮች እንዲነጋገሩ የሚጠይቀውን እሱ ላይ እናድርገው። በዚህኛው ላይ ግን የምንጽፍለት መሥሪያ ቤት በራሱ እጅ ሊያደርገው የሚችለው ብቻ ይኑር።

ሐጂ፦
ሁለተኛው ደብዳቤ እንደማይረሳ ቃል ከገባችሁልኝ እሺ።

መምህሩ፦
እኔ እጽፈዋለሁ ሐጂ። ለእሑድ ይዤው እመጣለሁ።

የታችኛው ሠፈር ተወካይ፦
እኔ «ይጠረግልን» የሚለው ቃል ላይ ነኝ። አምና ሰኔ ላይኮ ተጠርጎልናል! ሰዎቹ መጡ፣ ሁለት ቀን ሙሉ በፀሐይ ሲቆፍሩ ዋሉ። ደለሉን አውጥተው እዚያው ቦዩ ጠርዝ ላይ ከመሩት። የሚጭን መኪና ነገ ይመጣል ተባለ። ነገም አልመጣም፣ ከነገ ወዲያም አልመጣም። በሦስተኛው ቀን ዘነበ። የወጣው ደለል በሙሉ ተመልሶ ገባ፣ ያውም ከበፊቱ ብሶ። ውኃው መሄጃ ሲያጣ እናቴ ቤት ጓዳ ድረስ ገባ። ፍራሹም እህሉም ረጠበ።

የሄደው ድካም ነው የሚያቃጥለኝ። ሥራው ተሠርቷል፣ ገንዘቡም ወጥቷል፣ ለአንድ መኪና ሲባል ሁሉም ባዶ ቀረ። ስለዚህ «የወጣው ደለል በወጣበት ቀን ይጫን» ተብሎ ይጻፍ። ሌላው ሁሉ ቢቀር ይቺ ዓረፍተ ነገር አትቅርብኝ።

ጸሐፊዋ፦
ገብታለች። እንዲያውም ከጥርጊያው ቀጥላ ትሰፍራለች።

የጫት ነጋዴዋ፦
ፌስታል የሚለውን ሳነብ ደነገጥኩ አቦ። እኔ ከመደብ ላይ ሸጬ ነው ልጆቼን የማሳድገው። ግን እውነቱን ልናገር። ቦዩን የሚደፍነው ገራባ፣ የጫቱ ትራፊ ቅጠል አይደለም፣ ገራባውንማ ፍየል ይበላዋል። ገራባው በፌስታል ተቋጥሮ ሲጣል ነው ችግሩ። ፍየሏ ከነፌስታሉ ትውጠውና ሆዷ ተነፍቶ ትሞታለች። የተረፈው ፌስታል ቦይ ይገባል። ድሮ በኮባ እንጠቀልል ነበር። ፌስታል ስለረከሰ ነው የተውነው።

በ2017 የጸደቀው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ፌስታልን ከልክሏል አይደል? ይከልክል፣ ደግ ነው። ነገር ግን ቁጥጥሩ ከእኔ ከመደብ ሻጯ አይጀምር። በጅምላ ከሚያከፋፍለው ይጀምር። ለእኛም በምን እንደምንጠቀልል መላ ይፈለግልን። እንዲህ ብላችሁ ከጻፋችሁ የመደቡን ሴቶች ሁሉ አስፈርማለሁ።

የሕግ ተማሪው፦
እትዬ ያሉት ደብዳቤውን ያጠነክረዋል። ፌስታሉ አዋጅ ስላለው «ይከልከል» ማለት ቀርቶ «የተከለከለው ከጅምላው ጀምሮ ይፈጸም» እንበል። አዲስ ሕግ ከመለመን ያለው እንዲሠራ መጠየቅ ይቀላል።

ሌላም ልጨምር። ውለታ የምንለምን አንምሰል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ አካባቢ ለማንም ሰው መብት ነው ይላል። አንቀጽ 92 ደግሞ አካባቢን የሚነካ ፖሊሲ ሲታቀድም ሲፈጸምም የሚመለከተው ሕዝብ ሐሳቡን እንዲሰጥ ያዛል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አንቀጽ 11 ላይ፣ ማንም ሰው የግል ጉዳት ደርሶብኛል ማለት ሳያስፈልገው አካባቢን የሚጎዳ ላይ ለአካባቢ ጥበቃው መሥሪያ ቤት አቤት ማለት ይችላል። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካላገኘ፣ ወይም ባገኘው ውሳኔ ቅር ከተሰኘ፣ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይፈቀድለታል።

ይህ የመጨረሻው እኛን አሁን አይመለከትም። ቦይ አልተጠረገም ብሎ መክሰስ ሌላ ነገር ነው። አንድ ሰው ዘይት ወይም ፍሳሽ ሲለቅብን ግን ይጠቅመናል። የምንጠጣውኮ የጉድጓድ ውኃ ነው፣ መሬት ላይ የፈሰሰው ወደ ታች መስረጉ አይቀርም። ደብዳቤው ላይ አንቀጽ 44ን እና 92ን ብቻ እንጥቀስ።

ሒሳብ ያዡ፦
እኛስ ምን እናደርጋለን? ጠያቂ ብቻ ከሆንን አያምርም። ከየበሩ እስከ ቦዩ አፍ ያለውን እኛ እንጥረግ። እድሩ አካፋና ዶማ አለው። ቆሻሻ ሰብሳቢ ልጆቹም ጋሪያቸውን ይዘው ሲመጡ በር ዘግተን አንጠብቃቸው። የሚመጡበት ቀን ከታወቀ ማንም ወደ ደቻቱ የሚወረውርበት ሰበብ የለውም።

የታችኛው ሠፈር ተወካይ፦
የተደፈኑትን ቦታዎች ነገ ጠዋት እየዞርኩ ፎቶ አነሳለሁ። ከላይ እስከ ግንቡ ያለውንም በሜትር እለካለሁ።

ጸሐፊዋ፦
ሁሉንም አየሁት። ግንዛቤ የሚለውን አውጥቼዋለሁ፣ ማንም አልተሟገተለትም። እንዲህ ሆኗል፦

«እኛ የደቻቱ ዳር ነዋሪዎች በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 እና 92 መሠረት ይህን ሐሳብ እናቀርባለን። ቦያችን በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ከበልግ በፊት የካቲት ሳያልቅ፣ ከክረምት በፊት ደግሞ እስከ ሰኔ 15 ይጠረግ። የወጣው ደለል በወጣበት ቀን ይጫን። መኪናው ሳይመደብ ቁፋሮው አይጀመር። ቆሻሻ የሚነሳባቸው ቀናት ተጽፈው በቀበሌው በር ላይ ይለጠፉ። የፌስታል ክልከላው ከጅምላ አከፋፋዩ ጀምሮ ይፈጸም፣ ለመደብ ነጋዴዎችም ምትክ መጠቅለያ ይመቻች። እኛ ከየደጃችን እስከ ቦዩ አፍ ያለውን በየወሩ እንጠርጋለን። መልሱን በጽሑፍ እንዲሰጡን፣ ሥራው ሲጀመርም ሁለት ተወካዮቻችን እንዲገኙ እንጠይቃለን።»

ሐጂ፦
ተስማምቻለሁ። ፊርማው ዓርብ ከሶላት በኋላ መስጊዱ በር ላይ ይጀመር። እሑድ ደግሞ ከቅዳሴ መልስ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ይቀጥል። ሰኞ ጠዋት እኔና የጫት ነጋዴዋ ይዘነው እንገባለን። ስንሰጥ ቅጂው ላይ የገቢ ማኅተም ሳይመታበት አንወጣም።

የጫት ነጋዴዋ፦
ሰኞ በሁለት ሰዓት በርዎ ላይ ነኝ ሐጂ።