ከማክሰኞው ኒንቴንዶ ዳይሬክት በኋላ ገንዘባችንን ለየትኛው ጌም እናቆይ?

ጠያቂ፦ ገርጂ_16

እንደምን ሰነበታችሁ። ማክሰኞ ሰኔ 11 ቀን 2016 ዓ.ም. ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ የተላለፈውን ኒንቴንዶ ዳይሬክት (የጃፓኑ ኩባንያ ኒንቴንዶ አዳዲስ ጌሞችን በቪዲዮ የሚያስተዋውቅበትን ዝግጅት) ብዙዎቻችሁ እንደተከታተላችሁት እገምታለሁ። አርባ ደቂቃ ገደማ በፈጀው ዝግጅት ኩባንያው ከዚህ ወር አንሥቶ እስከሚመጣው ዓመት ድረስ ስዊች ለተባለው የጌም መጫወቻ መሣሪያው የሚወጡ ጌሞችን አሳይቷል፤ በእኔ ግምት በቅርብ ጊዜ ካየናቸው ዝግጅቶቹ ሁሉ የጠነከረው ይኸኛው ነው። ይህን የምለው የቀረቡት ርዕሶች ብዙ ስለሆኑ አይደለም። ዋና ዋናዎቹ በአርማና በሙዚቃ ብቻ ሳይታለፉ፣ ሰው ሲጫወታቸው ምን እንደሚመስሉ በግልጽ ስለታዩ ነው።

ስርጭቱ ላመለጠው ሰው ዋና ዋናዎቹን ልጥቀስ። ዜልዳ ራሷ ዋና ገጸ ባሕርይ የሆነችበት «ዘ ሌጀንድ ኦፍ ዜልዳ፦ ኤኮስ ኦፍ ዊዝደም» መስከረም 16 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ማለትም በደመራ ዕለት ይወጣል። «ሱፐር ማሪዮ ፓርቲ ጃምቦሪ» ጥቅምት 7፣ «ማሪዮ እና ሉዊጂ፦ ብራዘርሺፕ» ደግሞ ጥቅምት 28 ቀን ይከተላሉ። «ድራጎን ክዌስት 3» እንደ አዲስ ተሠርቶ ኅዳር 5 ቀን ሲመጣ፣ «ዶንኪ ኮንግ ካንትሪ ሪተርንስ» ምስሉ ጠርቶ ጥር 8 ቀን ይደርሳል። ለሰባት ዓመት የተጠበቀው «ሜትሮይድ ፕራይም 4፦ ቢዮንድ» በመዝጊያው ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ አጨዋወቱ ታይቷል፤ የተነገረው የመውጫ ጊዜ ግን እ.ኤ.አ. 2025 የሚል ብቻ ነው።

ጥያቄዬ ይህ ነው። አንድ ዘመዴ በመስከረም መጨረሻ ከአሜሪካ ወደ አዲስ አበባ ስለሚመጣ አንድ ጌም ብቻ ላስመጣ እችላለሁ፤ ከዚያ በኋላ እንዲህ ያለ አጋጣሚ መቼ እንደሚገኝ አላውቅም። ልቤ ወደ ዜልዳ ያደላል። ይሁን እንጂ ልዕልቲቱ በሰይፍ ፈንታ በትር ይዛ፣ ውጊያውን ሌሎች ፍጡራን የሚዋጉላት መሆኑ ጨዋታውን ያቀዘቅዘው ይሆን የሚል ሥጋት አድሮብኛል። ትሬለሩን (የማስተዋወቂያ ቪዲዮውን) በጥሞና ያያችሁ ሁሉ ሐሳባችሁን ከነምክንያቱ ብታካፍሉኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።


መልስ፦ ነጸብራቅ

ሥጋትዎ ተገቢ ነው፤ እኔ ግን ትሬለሩን ደጋግሜ ካየሁት በኋላ የደረስኩበት ሐሳብ የተለየ ነው። ይህ ተከታታይ ጌም ከተጀመረበት ከ1986 እ.ኤ.አ. አንሥቶ ርዕሱ በዜልዳ ስም ይጠራ እንጂ የምንጫወተው ጀግናውን ሊንክን ሆነን ነው፤ እሷ አብዛኛውን ጊዜ ወይ ታስራ ወይ ጠፍታ አዳኝ ስትጠብቅ እናገኛታለን። አሁን ነገሩ ተገልብጧል። ሊንክ በተከፈተ ስንጥቅ ተውጦ ይጠፋል፤ ልዕልቲቱም ትሪ ከሚባል ትንሽ ፍጡር ጋር ሆና፣ በተሰጣት በትር መንግሥቷን ለማዳን ትነሣለች።

ከታሪኩ ይበልጥ ቁም ነገሩ ያለው በትሩ በሚሠራው ሥራ ላይ ነው። ዜልዳ በመንገዷ ላይ ያገኘችውን ዕቃ ቅጂ ታስቀራለች፤ ከዚያ በኋላ በፈለገችው ቦታና ጊዜ ታወጣዋለች። የዜልዳ ጌሞች ፕሮዲዩሰር ኤይጂ አኦኑማ ይህን ሥርዓት ሲያስተዋውቁ ካየናቸው ዕቃዎች አንዱ ተራ ጠረጴዛ ነው፤ ጠረጴዛውን ከግድግዳ ሥር አኑራ እንደ ደረጃ ትወጣበታለች። አሮጌ አልጋዎችን ጫፍ ለጫፍ ገጣጥማ የምትሻገርበትን ድልድይ ትሠራለች። ከሁሉ ይበልጥ ቀልቤን የሳበው ግን ውኃው ነው። አራት ማዕዘን የሆነ የውኃ ቁራጭ አየር ላይ ታቆማለች፣ በላዩ ሌላ ትደርባለች፣ በውስጡ እየዋኘች ወደ ላይ ትወጣና ከላይኛው መሬት ትደርሳለች። ይህን መፍትሔ ማንም አላዘዛትም፤ ተጫዋቹ ራሱ አስቦ የሚደርስበት ነው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2023 የወጣው «ቲርስ ኦፍ ዘ ኪንግደም» ዕቃ ከዕቃ አጣብቀን የራሳችንን መሣሪያ እንድንሠራ ነፃነት ሰጥቶን ነበር፤ ያ ነፃነት አሁን ከላይ ወደ ታች በሚታይ ትንሽ ዓለም ውስጥ ሲገባ ማየት በእውነት ያስደስታል።

ወደ ውጊያው ልመለስ። ዜልዳ ድል የነሣችውን ጭራቅም ቅጂ ታስቀራለች፤ በኋላም ጠርታ ታዋጋዋለች። ገበጣ የሚጫወት ሰው ጠጠሩን ከመዝራቱ በፊት ጉድጓዶቹን በዐይኑ እንደሚቆጥር ሁሉ፣ እዚህም ማንን፣ የትና መቼ እንደምንጠራ ቀድመን ማሰብ ይኖርብናል። ጣት በፍጥነት ቁልፍ ላይ እንዲመላለስ የሚወድ ሰው ሊሰለቸው ይችላል። እርስዎ ግን እንቆቅልሽ መፍታት የሚወዱ ከሆነ አይቀዘቅዝብዎትም።

ያሳሰቡኝ ሁለት ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው፣ አልጋና ጠረጴዛ ለሁሉም ችግር የሚበቁ ከሆነ ተጫዋቹ ሌሎቹን ቅጂዎች ለመሞከር ምክንያት ያጣል፤ ይህን ሚዛን ጠብቀው መሥራታቸውን ከትሬለር ማወቅ አይቻልም። ሁለተኛው፣ ሥዕሉ እ.ኤ.አ. በ2019 እንደገና የተሠራውን «ሊንክስ አዌክኒንግ» ይመስላል፤ ያ ጌም ደግሞ ሰፊ ሜዳ ላይ ሲወጡ ምስሉ ይንተባተብ እንደነበር የተጫወተ ሁሉ ያስታውሳል። አሁን ብዙ ጭራቆች በአንድ ጊዜ ሲጠሩ ስዊች ይችለው እንደሆነ በትኩረት የማየው ጉዳይ ነው። ይህም ሆኖ፣ በዝግጅቱ ውስጥ አጨዋወቱ በዚህ መጠን ተብራርቶ የቀረበ ሌላ ጌም አልነበረም።


መልስ፦ ቀስተ_ደመና

እኔ ስለ ሜትሮይድ ልናገር፤ ከቀረቡት ሁሉ በጣም የነካኝ እሱ ነውና። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2017 ኒንቴንዶ ያሳየን አርማና ስም ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በጥር 2019 የኒንቴንዶ ከፍተኛ ኃላፊ ሺንያ ታካሃሺ በቪዲዮ ቀርበው፣ ሥራው ኩባንያው ከሚፈልገው ደረጃ እንዳልደረሰ፣ ስለዚህም ከመጀመሪያው እንደ አዲስ እንደሚሠራና ኃላፊነቱም ቀደምቶቹን ሦስት የፕራይም ጌሞች ለሠራው፣ ቴክሳስ ለሚገኘው ሬትሮ ስቱዲዮስ እንደተሰጠ አስታወቁ። አንድ ኩባንያ የደከመበትን ሥራ «አልበቃም» ብሎ በይፋ ወደ ኋላ ሲመልስ ማየት በዚህ ሙያ ብርቅ ነው። ከዚያ በኋላ አምስት ዓመት ያህል ስለ አጨዋወቱ አንድም ምስል አልታየም።

ማክሰኞ ያየነው ታዲያ ዝምታውን የሚክስ ነው። የጌሙ ዋና ገጸ ባሕርይ ሳመስ አራን የጋላክሲው ፌዴሬሽን የምርምር ጣቢያ በጠፈር ወንበዴዎች በተወረረበት ሰዓት ትደርሳለች። ሁሉንም ነገር የምናየው ከራስ ቁሯ ውስጥ ሆነን ነው፤ ጠላት ላይ አነጣጥራ ስትተኩስ፣ በመመርመሪያ መነጽሯ ዙሪያዋን ስትቃኝ፣ ሰውነቷን እንደ ኳስ ጠቅልላ ስትንከባለል አየን። በመጨረሻም ሳይለክስ ሜትሮይድ በሚባሉ ሁለት ፍጡራን ታጅቦ ብቅ አለ። ይህ ለሽልማት የሚያድን ባላንጣ መጀመሪያ የታየው እ.ኤ.አ. በ2006 ለኒንቴንዶ ዲኤስ በወጣው «ሜትሮይድ ፕራይም ሀንተርስ» ነው፤ ከዚያ ወዲህ በአንዳንድ የመዝጊያ ትዕይንቶች ጥቂት ፍንጭ እየተሰጠ ሲጠበቅ ኖሯል። እንዲህ ያለውን የቆየ ክር ያልረሱ ሠሪዎች ለተከታታዩ ጌም ፍቅር እንዳላቸው ይሰማኛል።

አንዳንድ ሰዎች አጨዋወቱ እ.ኤ.አ. ከ2002ቱ የመጀመሪያው ፕራይም ብዙም አልራቀም ሲሉ አንብቤያለሁ። እውነት ነው፣ አልራቀም። ነገር ግን የዚህ ጌም ጣዕም ተኩሱ አይደለም፤ ብቻን ሆኖ የማያውቁትን ቦታ እየመረመሩ፣ ቀድሞ የተዘጋውን በር በኋላ ባገኙት መሣሪያ ተመልሶ መክፈት ነው። ይህ ባይኖር ኖሮ ስሙን ብቻ የያዘ ሌላ የተኩስ ጌም ይሆን ነበር።

ለጠያቂው ያለኝ ምክር አጭር ነው። ቀን ላልተቆረጠለት ጌም ገንዘብ አያስሩ። ሜትሮይድን የሚናፍቁ ከሆነ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2023 ምስሉ ታድሶ የወጣው የመጀመሪያው «ሜትሮይድ ፕራይም» በ40 ዶላር ይገኛል፤ ዘመድዎ እሱን ቢያመጡልዎ ለአራተኛው ከዚህ የተሻለ ዝግጅት የለም።


መልስ፦ ሲልቨር_ስፕሪንግ

እኔ የምኖረው እዚሁ አሜሪካ ነው፤ ጌሙን የማየው ደግሞ ከልጆቼ አንጻር ነው። ቤት ውስጥ አንድ ስዊች ለብዙ ሰው ከሆነ «ማሪዮ ፓርቲ ጃምቦሪ»ን አትናቁት። ከ110 በላይ አጫጭር ጨዋታዎችና ሰባት ሰሌዳዎች እንዳሉት ተነግሯል፤ እስከ ሃያ ሰው በኢንተርኔት የሚወዳደርበት ክፍልም አለው። ኢንተርኔቱ ቢደክም እንኳ አራት ሰው ሶፋ ላይ ተቀምጦ ይጫወተዋል፤ ዜልዳና ሜትሮይድ ግን የታዩት የአንድ ሰው ጨዋታ ሆነው ነው።

ስለ «ማሪዮ እና ሉዊጂ» ያለኝ ደስታ ከሐዘን ጋር የተቀላቀለ ነው። የቀድሞዎቹን የሠራው ኩባንያ አልፋድሪም እ.ኤ.አ. በ2019 ከስሮ ስለተዘጋ ይህ ተከታታይ ጌም ያበቃለት መስሎን ነበር። አሁን ወንድማማቾቹ መርከብ በምትመስል ደሴት ከደሴት ደሴት እየተጓዙ ተመልሰው ሲመጡ፣ በፊታቸው ላይ የሚነበበው ስሜት እንኳ የዱሮውን ሥዕል ለዛ ጠብቋል። ይሁን እንጂ ማን እንደሠራው በዝግጅቱ ላይ አልተነገረም፤ የሠራተኞቹ ስም ሊደበቅ አይገባም ብዬ አምናለሁ።

ለገርጂ_16 አንድ ተግባራዊ ነገር ልጨምር። ለቻይና ገበያ ከተዘጋጁት በቀር ጌሞቹ የሚሸጡባቸው የስዊች ካርዶች በየትኛውም አገር በተገዛ መሣሪያ ላይ ይሠራሉ፤ ስለዚህ ከዚህ ተገዝቶ የሚመጣው ያለ ችግር ይከፈትልዎታል። ተጨማሪ ክፍል በኢንተርኔት መግዛት ከፈለጉ ግን የአካውንትዎ አገር ካርዱ ከተሸጠበት ገበያ ጋር መስማማቱን ቀድመው ያረጋግጡ።


ጠያቂ፦ ገርጂ_16

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የነጸብራቅ ማብራሪያ ሥጋቴን በእጅጉ አቅልሎልኛል፤ በተለይ የውኃውን ትዕይንት እንደገና ከፍቼ ሳየው የተባለው ገባኝ። አሁን የቀረኝ ጥያቄ ስለ ቆዩት ጌሞች ነው፤ «ዶንኪ ኮንግ»ና «ድራጎን ክዌስት 3» ከአዲሶቹ ጋር ሊወዳደሩ ይገባቸዋል ትላላችሁ?


መልስ፦ ካዛንቺስ_ማታ

ሁለቱን አንድ ላይ ማየት አይገባም እላለሁ። «ዶንኪ ኮንግ ካንትሪ ሪተርንስ» እ.ኤ.አ. በ2010 ዊ ለተባለው የቀድሞ የኒንቴንዶ መሣሪያ የወጣ ድንቅ ጌም ነው፤ አሁን የሚጨመረው የጠራ ምስልና በእጅ ለሚያዘው 3ዲኤስ በወጣው ቅጂ የነበሩት ተጨማሪ ደረጃዎች ናቸው። ለዚህ እንደ አዲስ ጌም 60 ዶላር መጠየቁ አግባብ አይመስለኝም። በዚህ ሳምንት ሰኔ 20 ቀን የሚወጣው «ሉዊጂስ ማንሽን 2»ም እ.ኤ.አ. የ2013 ሥራ ሆኖ ዋጋው ተመሳሳይ ነው። ኩባንያው የቆዩ ሥራዎቹን እንዲያቆይልን እፈልጋለሁ፤ ዋጋው ግን ከተጨመረው ሥራ ጋር ሊመጣጠን ይገባል።

«ድራጎን ክዌስት 3» ሌላ ነው። የጌሙ ባለቤት የሆነው ኩባንያ የስኩዌር ኤኒክስ ሰዎች እ.ኤ.አ. የ1988ቱን ጌም ወስደው ገጸ ባሕርያቱን በነጥብ በተሠራ የዱሮ ሥዕል አቆይተው፣ ከተማውንና ባሕሩን ግን ጥልቀትና ብርሃን ባለው ዓለም ተክተውታል። ፀሐይ ስትጠልቅ ጥላው መንገዱ ላይ ሲረዝም የታየበት ቅጽበት ብቻውን የሠሪዎቹን ትጋት ያሳያል። ሁለቱ ቀዳሚ ክፍሎችም እ.ኤ.አ. በ2025 በዚሁ አሠራር እንደሚከተሉ ተነግሯል፤ ሦስተኛው በታሪክ ቅደም ተከተል ከሁለቱ በፊት ስለሚገኝ ከሱ መጀመራቸው ትክክል ነው። እርግጥ ይህ ጌም በፕሌይስቴሽን 5፣ በኤክስቦክስና በኮምፒዩተርም ስለሚወጣ፣ ኮምፒዩተር ያለው ሰው ለዚህ ብሎ ካርድ ማስመጣት አያስፈልገውም።

ከቀስተ_ደመና ምክር ጋር የሚያያዝ አንድ ነገር ልጨምር። የኒንቴንዶ ፕሬዚዳንት ሹንታሮ ፉሩካዋ ባለፈው ሚያዝያ መጨረሻ የስዊች ተተኪ መኖሩን ገልጸው፣ ዝርዝሩ እስከ መጋቢት 2025 እ.ኤ.አ. በሚዘልቀው የበጀት ዓመት ውስጥ እንደሚነገር፣ በሰኔው ዝግጅት ግን እንደማይነሣ ቀድመው አስታውቀው ነበር። ቃላቸውንም ጠብቀዋል። ስዊች እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 2017 ጀምሮ ከ141 ሚሊዮን በላይ ስለተሸጠ ሜትሮይድ ይህን ሁሉ ተጫዋች ትቶ በአዲሱ መሣሪያ ላይ ብቻ ይወጣል ብዬ አልሠጋም። ነገር ግን በሁለቱም ላይ ቢወጣ የትኛው ቅጂ እንደሚሻል ማየት ያስፈልጋል። ስለዚህ መሣሪያ አስቀድሞ ያለዎት ከሆነ በመስከረም ዜልዳን ያስመጡ። ስዊች የሌለው ሰው ግን ስለ ተተኪው እስኪነገር ድረስ ቢታገሥ ይሻለዋል።